የአባቴ ሲጋራ ለኳሽ

የልጄን የትምህርት ቤት ሹራብ ሳፋ ውስጥ ልነክረው ስል ሽታው አፍንጫዬ ስር መጣ። መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ ነው። ደረቱም፣ እጅጌውም፣ አንገትጌውም ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ሰው ብርቱካን ስለበላ ብቻ እንዲህ አይሸትም፤ ልጣጩን ይዞ ልብሱን ካላሸው በቀር። ከብርቱካኑ ስር ደግሞ ያ ሌላው ሽታ አለ። በእሱ ሽታ ማንም አይሸውደኝም። በሽቶ ብታጥቡት፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ብትቀብሩት አውቀዋለሁ። ሳፋው ላይ እንዳጎነበስኩ ቀረሁ።

አሁን እኔ ይሄን ልጅ ምን ላድርገው? አስራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አስረኛ ክፍል ነው። በእኔም በአባቱም ወገን አስረኛ ክፍል የደረሰ እሱ የመጀመሪያው ነው። ብጠይቀው፣ "ማዘር ደግሞ ታካብጃለሽ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው አጭሶብኝ ነው" አለኝ።

"የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ የሚያጨሰው አንተ ላይ ነው? ብርቱካኑንስ ማን ቀባህ፣ ረዳቱ ነው?" ብለው ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ ቁርጥ አባቴን። በዚህም በዚያም ያናድደኛል።

ሳንባው ብቻ አይደለም ያስፈራኝ። የእኔ ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ላይ የቀረው በዚሁ ሽታ የተነሳ ነው። ለልጄ ነግሬው አላውቅም፤ እንዴት ብዬ ልንገረው? እናንተ ስሙኝማ።

ቂርቆስ ቤተክርስቲያን ጀርባ ነው ያደግኩት። አምስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ አንድ ማድ ቤት፣ አንድ የውሃ ቧንቧ። አባቴ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። የሚገባውንና የሚወጣውን ደብዳቤ ቁጥር እየሰጠ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው እሱ ነው። ጽሕፈቱ እንደ ታተመ መጽሐፍ ነበር። ደብተሬን መስከረም በገባ ቁጥር በጋዜጣ ይለብድልኝና ስሜን ራሱ ይጽፍልኛል፤ "ይቺ ልጅ እኔ መሥሪያ ቤት ነው የምትገባው፣ በታይፕ" ይል ነበር። የእጁ ሽታ ቀለም፣ የአሮጌ ወረቀት አቧራና ሲጋራ ነው። ዛሬም አሮጌ ፋይል ሲገለጥ ካየሁ ጠጋ ብዬ አሸታለሁ።

አስራ አንድ ተኩል ሲሆን ይመጣል። ካዛንቺስ ድረስ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ነው የሚመለሰው። በረንዳው ላይ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ይልና ጫማውን ያወልቃል፤ ከዚያ ከደረት ኪሱ አንድ ፍሬ ሲጋራ ያወጣና፣ "እስቲ ለኩሺልኝ" ይለኛል። ክብሪት አይወድም። "ክብሪት ድኝ ድኝ ይለኛል፤ በከሰል የተለኮሰ ሲጋራ ሌላ ነው" ይላል። እኔ ሲጋራውን ይዤ ወደ ማድ ቤት እሮጣለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ፍም በመቆንጠጫ አንስቼ ጫፉን ነካሁት፤ ወረቀቱ ጠቆረ፣ ጨሰ፣ ጠፋ። የጠቆረውን ይዤለት ስሄድ አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። "አቃጠልሽው እንጂ አልለኮስሽውም። አፍሽ ላይ አድርጊና አንዴ ሳብ አድርጊው። እንዳትውጪው ብቻ።" አንዴ ሳብ አደረግኩት። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ። ግን ጫፉ ቀይ ሆነ። ግቢውን አቋርጬ፣ ነፋስ እንዳያጠፋብኝ በመዳፌ ከልዬ፣ እንደ ጧፍ ይዤ አደረስኩለት። ራሴን ዳበሰኝና "የኔ ለኳሽ" አለኝ።

ይሄ እንግዲህ ነውር አልነበረም። ማንም ነውር ነው ብሎ አላሰበም። እናቴ ሽሮዋን እያማሰለች፣ "ቶሎ በይ እንጂ፣ አባትሽ ደክሞት ነው የመጣው" ትለኛለች። የጎረቤት ሴቶች፣ "ሳታጠፋ የምታደርስ እሷ ብቻ ናት፤ የኔ ልጅ እኮ መንገድ ላይ ነው የሚያጠፋው" እያሉ ያመሰግኑኛል። ልጅ ለትልቅ ሰው ሲላክ ጨዋ ነው፤ በቃ። ምን እንደሚላክ ማን ይጠይቃል? አሁን ሳስበው ግርም ይለኛል፤ አምስት ቤተሰብ፣ ያን ሁሉ ትልቅ ሰው፣ አንድ እንኳን "ኧረ ልጅ ናት" የሚል ይጥፋ?

አንዴ መሳቡ ሁለቴ ሆነ። ሁለቴው ሦስቴ። የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ሚስማር ባለፈበት ሁሉ ተቀዶ ስለነበር የማታ ፀሐይ በቀዳዳዎቹ ቀጭን ቀጭን እየሆነች ትገባለች፤ ጢሱ በመስመሮቿ ውስጥ ሲጠማዘዝ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ አባቴ ለሁለት ሳምንት መስክ ወጣ። በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰው ሲያናግረኝ እጮሃለሁ፤ አስራ አንድ ተኩል ሲሆን ያለ ሥራ ማድ ቤት ገብቼ እቆማለሁ። አባቴ የናፈቀኝ መስሎኝ ነበር። ናፍቆኝስ ነበር። ግን ጎረቤት ያለው ሾፌር "ክብሪት አለሽ?" ብሎ ሲጋራውን ሲያወጣ ልቤ ዘለለች። ያኔ ገባኝ። ለማን ይነገራል?

ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። መንግሥት ከተለወጠ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቪዲዮ ቤት በየመንደሩ የበዛበት ጊዜ ነበር። ወንዶቹ ትምህርት እየፎረፉ ቪዲዮ ቤት ይውላሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ አክተሩ ሽጉጥ ተኩሶ ሲጋራ እንዴት እንደሚለኩስ እያሳዩ ያደክሙናል። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከሽንት ቤቱ ጀርባ አራት ሆነው አንድ ሲጋራ ሲቀባበሉ ደረስኩባቸው። አንደኛው ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ነው። እንደ አክተሩ ዓይኑን ጨፍኖ ሳበና ሳል አጣደፈው፤ አፍንጫው ሁሉ ፈሰሰ። ሳቅኩ።

"ምን ያስቅሻል? አንቺ ፋራ፣ ብትሞክሪው ትሞቻለሽ" አለኝ አፍንጫውን እየጠረገ።

"አያያዝህ ነው ፋራ" አልኩትና ተቀበልኩት።

ሳብኩት። አላሳለኝም። በአፍንጫዬ አወጣሁት። ከዚያ አንዱ "ኧረ ይቺ ባቡር ናት!" አለና ስሜ በዚያው ባቡር ሆነ። በእረፍት ሰዓት "ባቡር የለችም እንዴ?" ብለው ይፈልጉኛል። እኔ እኮ ከዚያ በፊት ማንም የማይፈልገኝ ልጅ ነበርኩ፤ ጫማዬ የተጣፈ፣ ዝም ያልኩ። ልዋሻችሁ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንዶቹ ሽታውን ለማጥፋት የባህር ዛፍ ቅጠል ያኝካሉ፤ እኔ አላስፈለገኝም። ቤት ስገባ ማን ይጠረጥራል? ሁሌም የአባቴን ሲጋራ ነው የምሸተው።

እንዲህ እያልን ሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ ደረስን። አንድ ሐሙስ ዘበኛው ከሽንት ቤቱ ጎን ዱላውን ይዞ ብቅ አለ። ወንዶቹ አጥሩን ዘለሉት። እኔ ቀሚስ ለብሼ አጥር ላይ ምን ልሁን? ቆሜ ቀረሁ፤ ሲጋራው ደግሞ ከነእሳቱ በእጄ።

ዳይሬክተሩ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። "ሴት ልጅ!" አሉ። ቀና ብለው አዩኝና እንደገና "ሴት ልጅ!" አሉ። በመጨረሻ፣ "ወላጅሽን ሳትይዢ ይቺን በር እንዳትረግጪ" አሉኝ።

አባቴን ከማምጣት መሞት ይሻለኝ ነበር። የዴስክ ጓደኛዬ በር ላይ ጠብቆኝ፣ "ምን ታስቢያለሽ? ቡልጋሪያ ጋ ያለው ጫማ ሰፊ አጎት ይሆንልሻል" አለኝ።

"እንዴት ነው አጎት የሚሆነው?"

"ኮት ይለብሳል፣ ይቆጣሻል፣ ጆሮሽን ይቆነጥጣል፣ በቃ። ለኔም ሆኗል። ሦስት ፍሬ ሲጋራ ብቻ ነው የሚፈልገው።"

ሦስቱን ፍሬ ከአባቴ ፓኮ ሰረቅኩ። በዕድሜዬ የመጀመሪያው ስርቆቴ ነው።

ጫማ ሰፊው የሰው ኮት ለብሶ መጣ፤ እጅጌው ጣቶቹን ይሸፍናል። ገና ከመግባቱ "አንቺ ወራዳ!" ብሎ ጆሮዬን አዞረው፤ የእውነት አመመኝ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"አጎቷ ነኝ ጌታዬ። በእናቷ በኩል።"

"ባለፈው ሰኞ የመጡት ለማን ነበር?"

"ለ... ለወንድሜ ልጅ።"

"ረቡዕስ?"

"እሱ እንኳ የሚስቴ እህት ልጅ ነው።"

"ለመሆኑ በዚህ ትምህርት ቤት ዘመድዎ ያልሆነ ተማሪ አለ?"

"ጌታዬ፣ ዘመድ መብዛቱ ኃጢአት ነው?" አለ። ዳይሬክተሩ በሩን ሲያሳዩት ደግሞ ዞር ብሎ፣ "ተረከዝዎ ተበልቷል፤ ብቅ ይበሉ፣ አበጅልዎታለሁ" ብሏቸው ወጣ። እሱ ምን ቸገረው? ሦስት ሲጋራውን አጭሶ ጨርሷል። መከራው የቀረው ለእኔ።

ዳይሬክተሩ ከዚያ በኋላ እኔን አላመኑኝም። የአባቴን መሥሪያ ቤት ከመዝገቤ አወጡና ደብዳቤ ጻፉ፤ በማኅተም፣ በዘበኛው እጅ፣ በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ ላኩት። እስቲ አስቡት። በዚያ መሥሪያ ቤት የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ የሚያልፈው በማን እጅ ነው? ፖስታውን የተቀበለው አባቴ ነው። ቀድዶ ያነበበው እሱ ነው። ሰው ባለበት ክፍል፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ፣ ቁጥር ሰጥቶ መዝገብ ላይ ያሰፈረውም እሱ ነው፤ "የሠራተኛችሁ ሴት ልጅ ሲጋራ ስታጨስ ስለተገኘች" የሚለውን። ደብቆ ኪሱ ቢከተው ማን ያየው ነበር? አይሆንም። ገቢ ደብዳቤ ገቢ ደብዳቤ ነው። ከዚያም ለአለቃው አቀረበው። ይሄን እናቴ ናት ከብዙ ዓመት በኋላ የነገረችኝ፤ ያኔ የማውቀው አስራ አንድ ተኩል ላይ መጥቶ በርጩማዋ ላይ መቀመጡንና "ለኩሺልኝ" አለማለቱን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አብረን ሄድን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቢመታኝ እንዴት ደስ ባለኝ! በየደቂቃው ዱላውን እጠብቃለሁ፤ ዱላው አይመጣም።

ዳይሬክተሩ ወንበር ሰጡት። ጠረጴዛው ላይ ያቺ የተያዝኩባት ሲጋራ ወረቀት ላይ ተቀምጣለች፣ እንደ ኤግዚቢት። "ልጄ፣ እውነቱን ተናገሪ" አሉኝ። "ይሄን ነገር ከማን ነው የተማርሽው?"

ጓደኞቼ ናቸው ብል ምን ነበረበት? ማንም አላስተማረኝም ብልስ? አስራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ፈርቼ ነበር፤ እውነት የተናገረ ምሕረት የሚያገኝ መስሎኝ ነበር።

"አባባ ነው ያስተማረኝ" አልኩ። "አንዴ ሳብ አድርጊው ብሎኝ።"

ከጎን ካለው ክፍል የአራተኛ ክፍል ልጆች የማባዛት ሰንጠረዥ በዜማ ሲሉ ይሰማል። ስድስት ጊዜ ሰባት፣ ስድስት ጊዜ ስምንት። አባቴ ጉልበቱ ላይ የነበረውን ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሲጋራ ቢጫ ያደረጋቸው ሁለት ጣቶቹ እንዳይታዩ ነው። እኔ ግን አየሁ።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንድ ቅጽ ወደ እሱ ገፉለት። ሁለት ሳምንት ትታገዳለች፣ እርስዎ ይፈርማሉ፣ ትመለሳለች፤ የሚመጣው ዓመት ሚኒስትሪ ፈተና አለባት አሉት። አባቴ ቅጹን አነበበ። ደግሞ አነበበ። ብዕሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

"እዚህ ላይ፣ 'ልጄን ከመጥፎ ምግባር ጠብቄ ያሳደግሁ መሆኔን አረጋግጣለሁ' ይላል" አለ።

"ፎርም ነው እኮ ጌታው፤ ሁሉም ወላጅ ይፈርመዋል።"

"ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልፈርምም።"

በቃ! ወይ እልህ! ወይ የመዝገብ ቤት ሰው! ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ፊርማ ቢጭር ኖሮ ዛሬ እኔ ማን በሆንኩ? እስካሁን ሌሊት ሳይቀር ከእሱ ጋር እከራከራለሁ። ለደብዳቤው ታምኖ፣ ለፎርሙ ታምኖ፣ ልጁን ከትምህርት አስወጥቶ ሄደ። እናቴ ለመነችው፤ "ዘንድሮ ይለፍ፣ ለከርሞ ትመለሳለች" አላት። ለከርሞ እኔ መስቀል ፍላወር አንድ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንሶላ አጥብ ነበር። የእኩዮቼ የሚኒስትሪ ፈተና ቀን እርሳስ እየቀረጹ በግቢያችን በር ሲያልፉ በዋዜማው አንሶላ ስጨምቅ የዋልኩበት ክንዴ እንደዛለ መስኮቱ ላይ ቆሜ አየኋቸው።

እኔ ያን ሐሙስ ከተያዝኩ ወዲህ አንድም ቀን ሲጋራ አፌ ላይ አላደረግኩም። አባቴ ግን እስኪሞት አልተወም፤ ሳሉ ነው የወሰደው። ከዚያ ወዲህ ለኩሺልኝ ብሎኝ ግን አያውቅም። አስራ አንድ ተኩል ላይ ክብሪቱን ሲጭር ይሰማኛል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እጁ ነፋስ መከለል አይችልበትም ነበር። እኔ ማድ ቤት ውስጥ ቆሜ እንዲጠራኝ እጠብቃለሁ፤ እምቢ ልለው ይሁን እሺ ልለው ዛሬም አላውቅም።

ይሄ ሁሉ ደርሶብኝ ታዲያ ምን ተማርኩ? ባሌ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ያጨሳል። ማታ ሲገባ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ እኔ ደግሞ፣ እኔው ራሴ፣ "አባትህ ደክሞታል፣ ሮጥ በልና ከሱቅ ሲጋራ አምጣለት" እላለሁ። ልጄ ስምንት ዓመት ከሆነው ጀምሮ! በከሰል መለኮስ ስለቀረ ክፉው ነገር አብሮ የቀረ መስሎኝ። ባለሱቁም ያውቀዋል፤ ገና ሲያየው ነው ፍሬውን የሚያወጣለት። ሹራቡን ሳፋው ላይ ይዤ የታየኝ ይሄ ነው። ማንን ልቆጣ?

ሹራቡን ባጠብኩ በሦስተኛው ቀን ወረቀት ይዞ መጣ። ወላጅ አምጣ ነው።

"እውነተኛ ወላጅ መሆኑ ነው?" አልኩት። "አጎት መከራየት ቀረ?"

"ምን አጎት? ምን ሆነሻል ማዘር?"

ባሌ መስመር ላይ ነበርና ሄድኩ። የእሱ ዳይሬክተር ሴት ናት፤ በዕድሜም ታንሰኛለች፤ ፊቷ የተቀመጥኩት ግን እንደ አስራ አራት ዓመት ልጅ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አጣጥፌ ነው። ሁለተኛ ከተያዘ ከትምህርት ቤቱ እንደሚሰናበት ነገረችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። "ማን ነው ያስለመደህ?"

ወለሉን አየሁ። መልሱን አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ እኔና አባቱ። ይናገር አልኩ በልቤ፤ የዘራሁትን ልጨድ።

"ማንም" አለ ልጄ። "እኔው ነኝ የጀመርኩት።"

"ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?"

"የለም።"

ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ! ይሄ ውሸታም! ከየት ተማረው ደግሞ? ዳይሬክተሯ ቅጽ ሰጠችኝ። ካነበብኩ ዘመን ስለሆነኝ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነው ያነበብኩት፤ ጠበቁኝ። ቃሉ ትንሽ ይለያል እንጂ ያው ነው፤ ልጄን በአግባቡ እየተከታተልኩ ያሳደግኩ፣ ምናምን። ውሸት ነው። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚያየኝ መሰለኝ። ይቅር በለኝ አልኩና ፈረምኩ።

ስንወጣ ልለፈልፍበት አፌ ሞልቶ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ። "አባትህ ዛሬ ሲገባ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ተይው እማ" አለኝ። ማዘር አላለኝም።

አስፋልቱ ጋ ደረስን። መኪናው አይቆምም፤ ተማሪው ሁሉ ለምሳ ወጥቶ ከአጥሩ ስር ቆሞ ያየናል። እንደ ሕፃንነቱ እጁን ያዝኩት። ጣቶቹ የእኔን ጣቶች አልፈው ሄደዋል፣ መቼ ነው እንዲህ የረዘሙት? ይነጥቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። መንገዱን ተሻግረን እስክንጨርስ አልነጠቀኝም።